ቡናማውን ፖስታ አብረን እንክፈት

በብሪታንያ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ጡረታ ለወጣችሁ፣ ለመውጣት ለተቃረባችሁ፣ ጡረተኛ እናትና አባት ላላችሁ ሁሉ!

ሌሊት ሌሊት ቢሮ ሲያጸዱ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሰው ገላ ሲያጥቡ፣ በሆስፒታል ኮሪደር አልጋ ሲገፉ፣ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ወላጆቻችን ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። በየወሩ የምትደርሳቸው ገንዘብ ትንሽ ናት። ከዚችው ላይ ደግሞ የማይገባቸው ታክስ የሚቆረጥባቸው በመካከላችን አሉ። የሚቆረጥባቸው በጡረታ ወረቀታቸው ጥግ ላይ በተጻፈች አጭር ኮድ ምክንያት ነው። ኮዷ ስትሳሳት ኮምፒውተሩ አይጠይቅም፣ ጡረታ ከፋዩ ድርጅትም አይጠይቅም። መጠየቅ ያለበት ባለገንዘቡ ነው፤ ለባለገንዘቡ ደግሞ የኮዷን ትርጉም የነገረው ሰው የለም።

ይህን መለወጥ በእጃችን ነው። ፓርላማ ሳንጠብቅ፣ ጠበቃ ሳንቀጥር፣ በዚሁ ዓመት መለወጥ እንችላለን። ለዚህ ግን አሠራሩን ማወቅ የግድ ነውና ጥቂት ታገሡኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የታክስ ዓመቱም ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ነው።)

በዚህ አገር ጡረታ እንደ ማንኛውም ገቢ ታክስ ይታሰብበታል። ዕድሜ 66 ሲሞላ መንግሥት የሚከፍለው ስቴት ፔንሽንም እንዲሁ። (ከ2026 ጀምሮ ዕድሜው ደረጃ በደረጃ ወደ 67 ከፍ እያለ ነው።) ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ስቴት ፔንሽን ባንክ የሚገባው አንድም ፔኒ ሳይቀነስበት ነውና። ታክስ ሰብሳቢው ኤችኤምአርሲ ግን ሒሳቡን አልረሳውም። በስቴት ፔንሽኑ ምክንያት የሚመጣውን ታክስ የሚወስደው ከመሥሪያ ቤት ጡረታው ላይ ነው፤ ጡረተኛው ገና ሥራ ላይ ከሆነም ከደመወዙ ላይ። ታክስ ኮድ ማለት ለከፋዩ ድርጅት የሚላክ «ከዚህ ሰው ይህን ያህል ነጻ ተው፣ ከቀረው ላይ ቁረጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ከየክፍያው ላይ እየቆረጡ የመሰብሰቡ ሥርዓት የተጀመረው በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ያኔ ብዙው ሠራተኛ አንድ ቦታ ተቀጥሮ እዚያው የሚያረጅ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ማታ ባንክ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሆቴል እየዞረ የሚያጸዳ ስደተኛ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሲታሰብ አይታየኝም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አብዛኛው ሰው በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ ድረስ ያለ ታክስ ማግኘት ይችላል። ከዚህ ቁጥር የመጨረሻዋ አኃዝ ትወገድና ፊደል ይጨመርበታል፤ 1257ኤል የሚለው የታወቀው ኮድ የመጣው ከዚህ ነው። ስቴት ፔንሽን ስትጀምሩ ኤችኤምአርሲ የዓመቱን ስቴት ፔንሽን ከ12,570 ላይ ይቀንስና ቀሪውን ለመሥሪያ ቤት ጡረታችሁ ይሰጠዋል። ስቴት ፔንሽኑ 9,000 ፓውንድ ለሆነ ሰው የሚቀረው 3,570 ነው፤ ኮዱ 357ኤል ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ጡረታ 20 በመቶ ይቆረጥበታል። በዌልስ ለሚኖሩ ከቁጥሩ በፊት «ሲ»፣ በስኮትላንድ ለሚኖሩ «ኤስ» ይቀመጣል፤ የስኮትላንድ የታክስ ተመንም የተለየ ነው።

ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ሙሉው አዲሱ ስቴት ፔንሽን በሳምንት 241.30 ፓውንድ ነው። በዓመት 12,548 ገደማ ይመጣል። ሙሉውን የሚያገኝ ሰው ነጻ ገደቡ እዚያው ላይ አልቆበታል፤ የቀረችው 22 ፓውንድ ገደማ ናት። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ጡረታው ላይ ከሞላ ጎደል ከሁሉም 20 በመቶ ቢወሰድ ስሕተት የለበትም።

የእኛ ሰው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ሙሉውን ለማግኘት 35 የናሽናል ኢንሹራንስ ዓመት ያስፈልጋል። ወላጆቻችን ስንቱን አሟሉ? በ35 ወይም በ45 ዓመታቸው የመጡ አሉ። ጥገኝነት ጠይቀው መልስ እስኪያገኙ ሥራ ተከልክለው ዓመታት የጠበቁ አሉ። በዝቅተኛ ሰዓትና ደመወዝ ሲሠሩ የናሽናል ኢንሹራንሱ መነሻ ላይ ያልደረሱም አሉ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው 18 ዓመት፣ 20 ዓመት፣ 25 ዓመት ነው። ስቴት ፔንሽናቸው ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ ከ12,570ው ውስጥ ያልተነካ ሰፊ ነጻ ገደብ በእጃቸው አለ። የኮድ ስሕተት ከማንም በላይ እነርሱን የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ያቺ ነጻ ገደብ በትክክለኛው ወረቀት ላይ ካልተጻፈች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

አንዲት እናት በምሳሌነት እንውሰድ። 20 የናሽናል ኢንሹራንስ ዓመት አላቸው፤ ስቴት ፔንሽናቸው በሳምንት 138፣ በዓመት 7,170 ፓውንድ ገደማ ነው። የካውንስል ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ከኖሩበት ሥራ በወር 200 ፓውንድ ጡረታ ያገኛሉ፤ ከሆስፒታል ሥራቸው ደግሞ በወር 150። ሁለቱ ተደምረው በዓመት 4,200 ይሆናሉ። ጠቅላላ ገቢያቸው 11,370 ፓውንድ ነው። ከ12,570 በታች ስለሆነ እኒህ እናት አንድ ፔኒ የገቢ ታክስ የለባቸውም። ነገር ግን በሁለቱም የመሥሪያ ቤት ጡረታዎቻቸው ላይ «ቢአር» የሚል ኮድ ቢቀመጥ ከእያንዳንዱ ፓውንድ 20 ፔኒ ይሄዳል። በዓመት 840 ፓውንድ ማለት ነው። በዚሁ ቢቀጥል በአራት ዓመት 3,360 ፓውንድ ይደርሳል። ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያ የሚያሠራ፣ አገር ቤት ያለችውን እኅት የሚጠይቁበት የአውሮፕላን ትኬት የሚገዛ ገንዘብ ነው።

አንዱን ኮድ ማስተካከል ብቻም አይበቃም። ቀሪው ነጻ ገደብ 5,400 ፓውንድ ሆኖ 540ኤል ተብሎ በትምህርት ቤቱ ጡረታ ላይ ብቻ ቢጻፍ፣ ያ ጡረታ የሚጠቀመው 2,400ውን ነው፤ ሌላው 3,000 ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የሆስፒታሉ ጡረታ በቢአር እንደቀጠለ በዓመት 360 ፓውንድ ይቆረጥበታል። ነጻ ገደብ እንደ አንድ እንጀራ ነው፤ ቆራሹ ስንት ሰው በገበታው ዙሪያ እንዳለ ካላወቀ አንዱ ፊት ተርፎ ሌላው ፊት ባዶ ይሆናል። ኤችኤምአርሲ ገደቡን በሁለት ወይም በሦስት ጡረታዎች መካከል መከፋፈል ይችላል። የሚከፋፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲጠየቅ ነው።

ሌሎቹንም ፊደላት በአጭሩ ልንገራችሁ። ዜሮቲ ከሆነ ምንም ነጻ ገደብ አልተሰጣችሁም። ዲዜሮ ከሆነ ከሁሉም ላይ 40 በመቶ እየተወሰደ ነው፤ ከ50,270 ፓውንድ በላይ ገቢ ለሌለው ጡረተኛ ይህ ኮድ ማንቂያ ደወል ነው። በኬ የሚጀምር ኮድ ስቴት ፔንሽኑና ሌላው ገቢ ከነጻ ገደቡ በልጦ ትርፉ በዚህኛው ጡረታ ላይ መደመሩን ያመለክታል፤ ያም ሆኖ በኬ ኮድ ከክፍያው ከግማሽ በላይ መቁረጥ አይፈቀድም። መጨረሻው ላይ ኤም1፣ ደብሊው1 ወይም ኤክስ ካለ ኮዱ ጊዜያዊ ነው፤ ያለፉትን ወራት ሳያይ የአንዱን ወር ወይም ሳምንት ብቻ ያሰላል። ጡረታ ስትወጡ ፒ45 የሚባለውን ወረቀት ለጡረታ ከፋዩ ካልሰጣችሁ ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ ይኸው ነው።

ይህ ጊዜያዊ ኮድ ክፉ የሚሆነው ከጡረታ ቁጠባ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅለል ያለ ገንዘብ ለሚያወጡ ሰዎች ነው። ከ2012 ጀምሮ አሠሪዎች መስፈርቱን የሚያሟላ ሠራተኛን ሁሉ የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ማስገባት ስለተገደዱ፣ ከየሥራው የተጠራቀመች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ያላቸው ሰዎቻችን ብዙ ናቸው። ሥራ ያቆመ፣ ዕድሜው 60 የሆነ፣ ሌላ ገቢ የሌለው አባት ከዚህ ቁጠባ 10,000 ፓውንድ ቢያወጣ እንመልከት። ሩቡ፣ 2,500ው፣ ነጻ ነው። ለቀረው 7,500 ግን ኮምፒውተሩ ይህን ገንዘብ በየወሩ የሚያገኝ ሀብታም ሰው አድርጎ ያሰላዋል። የአንድ ወር ነጻ ገደብ ብቻ፣ 1,048 ፓውንድ ገደማ፣ ይተውለትና ከቀረው ላይ ከፊሉን በ20፣ ከፊሉን በ40 በመቶ ይቆርጠዋል። 1,950 ፓውንድ ገደማ ይሄዳል። የዓመቱ ገቢው 7,500 ብቻ ከሆነ እውነተኛው ታክሱ ዜሮ ነው! ገንዘቡን የታክስ ዓመቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ማስመለስ ይችላል፤ ቁጠባውን ጨርሶ ካላወጣው በፒ55፣ ጨርሶ አውጥቶ ሌላ ገቢ ከሌለው በፒ50ዜድ፣ ጨርሶ አውጥቶ ሌላ ገቢ ካለው በፒ53ዜድ ቅጽ።

ከስቴት ፔንሽን ዕድሜ በኋላ ሥራ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ ከዚያ ዕድሜ በኋላ ከደመወዛችሁ ላይ ናሽናል ኢንሹራንስ መቆረጥ የለበትም። ፔይስሊፓችሁን ዛሬውኑ እዩት።

ኤችኤምአርሲን በሐቅ እንመዝነው። የታክስ ዓመቱ ካለቀ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሒሳቡን አመሳክሮ ፒ800 የሚባል ደብዳቤ ይልካል፤ «ትርፍ ከፍለዋል» ወይም «ጎድሎብዎታል» ይላል። ትርፍ ከፍለዋል የሚለው ደብዳቤ ራሱ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡ እንዲላክ ባለቤቱ መጠየቅ አለበት። ደብዳቤው የሚሄደውም ኤችኤምአርሲ ወደሚያውቀው አድራሻ ነው። ከአንዱ የካውንስል ቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ክራይ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የኖረ ሰው ስንት ፖስታ በማያውቀው ደጃፍ ወድቆ ቀርቶበታል? የደረሰውም ቢሆን በመሳቢያ ውስጥ ሳይከፈት ይከማቻል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ ፍርሃቱም የቆየ ነው። ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ በጎ ነገር ይዞ በማይመጣበት ዘመን ያደገ ትውልድ ቡናማ ፖስታ ሲያይ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያልን አድገናል። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ የሚያስከፍል ነው፤ ለዚህ አገር የሚስማማው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ነው። ይህ ሥርዓት የሚሠራው በጠያቂ ነው። ነጻ ገደብን መከፋፈል በጥያቄ ነው፤ ትርፍ ታክስ ማስመለስ በጥያቄ ነው፤ የባልና ሚስት የታክስ ቅናሽም በጥያቄ ነው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያንገበግበኛል። ከባልና ሚስት የአንዱ ገቢ ከ12,570 በታች ሆኖ የሌላው ከዚያ በላይ ግን በ20 በመቶው ተመን ውስጥ ከሆነ፣ ገቢው ዝቅ ያለው ሰው ከነጻ ገደቡ 1,260 ፓውንድ ለትዳር ጓደኛው ማስተላለፍ ይችላል። ቤተሰቡ በዓመት እስከ 252 ፓውንድ ያተርፋል። ወደኋላም እስከ አራት ዓመት መጠየቅ ይቻላል፤ ከባልና ሚስቱ አንዱ በሞት ተለይቶ ቢሆን እንኳ አብረው ለኖሩበት ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። ልጅ ሲያሳድጉ፣ ቤት ሲይዙ ኖረው ስቴት ፔንሽናቸው ያነሰባቸው እናቶቻችን ስንቶቹ ናቸው? ስንቱስ ቤት ነው ይህን የጠየቀው?

እንግዲህ ጥሪው ይኸው ነው። በየከተማው፣ ከለንደን እስከ ማንችስተር፣ ከሊድስ እስከ ካርዲፍና ግላስጎው፣ እድር አለን፣ የማኅበረሰብ ማኅበር አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለን። ሰው ሲሞት በአንድ ቀን ገንዘብ አዋጥተን አስከሬን አገር ቤት የምንልክ ሕዝብ ነን። ያንን ያህል መደራጀት የሚችል ሕዝብ ሽማግሌዎቹ በቁማቸው ሳሉ አንድ ደብዳቤ ሊያነብላቸው ያቅተዋል? በየወሩ አንድ ቀን ይመደብ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከእድር ስብሰባ በኋላ ይሁን፤ አዳራሹ አለ፣ ጠረጴዛው አለ፣ ቡናው አለ። ወላጆች የታክስ ኮድ ደብዳቤያቸውን፣ በየዓመቱ እስከ ሜይ 31 የሚሰጠውን ፒ60፣ የስቴት ፔንሽን መጠን የሚገልጸውን ደብዳቤና የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራቸውን ይዘው ይምጡ። የተከፈተውንም ያልተከፈተውንም ፖስታ ይዘው ይምጡ።

እዚህ አገር የተማራችሁ ልጆች፣ እናንተን ነው! አካውንታንት የሆናችሁ፣ ባንክ የምትሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ሌላው ቢቀር መደመርና መቀነስ የምትችሉና እንግሊዝኛው የማያስፈራችሁ። ሥራው ይህን ያህል ነው፦ ስቴት ፔንሽኑን በዓመት አስሉ፣ የእያንዳንዱን መሥሪያ ቤት ጡረታ በዓመት አስሉ፣ ደምሩ፣ ከ12,570 ጋር አመዛዝኑ፣ ከዚያ በወረቀቱ ላይ ያሉትን ኮዶች እዩ። ፔንሽን ክሬዲት፣ አቴንዳንስ አላውንስና ፒአይፒ የተባሉት የመንግሥት ድጎማዎች ታክስ የላቸውምና ድምር ውስጥ አታስገቧቸው። የዓይነ ስውራን ተጨማሪ ነጻ ገደብ የሚገባው ሰው ካለ እሱንም አትርሱ። ቁጥሩ ካልገጠመ በ0300 200 3300 ኤችኤምአርሲ ዘንድ ይደወላል። ወላጁ ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ፈቃዳቸውን ከሰጡ፣ ዕድሜው ከ16 በላይ የሆነ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሊያስተረጉምላቸው ይችላል። የምታምኑት ሰው በኢንተርኔት ጉዳያችሁን እንዲከታተል የሚያስችል ትረስትድ ሄልፐር የሚባል አሠራርም አለ። ነገሩ ሲወሳሰብ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን በነጻ የሚሠሩት ታክስ ሄልፕ ፎር ኦልደር ፒፕል፣ ሲቲዝንስ አድቫይስና ኤጅ ዩኬ አሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፤ ገበና ይከበር። ሽማግሌዎቻችን ያላቸውን ገንዘብ በሰው ፊት መናገር አይወዱም፤ ልክ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይቀመጡ፣ ቁጥር ጮክ ተብሎ አይነበብ፣ ረዳቱ ያየውን ከዚያ ጠረጴዛ ይዞ አይውጣ። የማንም ሰው የባንክ ካርድ፣ የይለፍ ቃል ወይም ፒን ቁጥር አይጠየቅ። ሥራውም ያለ ክፍያ ይሁን። «ታክስ እናስመልሳለን» ብለው ከተመላሹ ጠቀም ያለ ድርሻ የሚወስዱ ድርጅቶች አሉ፤ በስልክ ጥሪ ወይም በአንድ ቅጽ በነጻ ለሚገኝ ገንዘብ ድርሻ መስጠት አያስፈልግም። «ተመላሽ አለዎት፣ ይህን ይጫኑ» የሚል የስልክ መልእክት ከመጣ አጭበርባሪ ነው፤ ኤችኤምአርሲ ተመላሽን በቴክስት አያሳውቅም፣ የባንክ ቁጥርም በዚያ መንገድ አይጠይቅም።

ሒሳቡ ሲመረመር ዕዳ ያለበት ሰውም ይገኛል። ያልከፈለ ይክፈል፤ የምንጠይቀው መብት ስለሆነ ግዴታውንም አንሸሽም። ግን አትደንግጡ። ከ3,000 ፓውንድ በታች የሆነ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ በኮዱ ውስጥ ገብቶ በአንድ ዓመት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይከፈላል። ከዚህም ሌላ ኤችኤምአርሲ መረጃው ደርሶት ሳለ ለረጅም ጊዜ ሳይጠቀምበት ቆይቶ ከሆነና እናንተም ሒሳባችሁ ትክክል ነው ብላችሁ ማመናችሁ ምክንያት ካለው፣ ዕዳው እንዲሰረዝ መጠየቅ የሚያስችል ኤ19 የተባለ አሠራር አለ። ተደብቆ ከማደግ ይልቅ ታውቆ የሚቀል ዕዳ ነው።

ከላይ የጠቀስናቸውን እናት ደግሞ እንደገና እዩዋቸው። በዓመት 11,370 ፓውንድ ማለት በሳምንት 219 ገደማ ነው። ለብቻ ለሚኖር ጡረተኛ ፔንሽን ክሬዲት የሳምንት ገቢን እስከ 238 ፓውንድ ያሟላል። ቁጠባቸውና የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሁኔታ ከፈቀደ እኒህ እናት ታክስ ከፋይ መሆናቸው ቀርቶ ድጎማ ተቀባይ ናቸው ማለት ነው! ኮድ ለመፈተሽ የተከፈተ ፖስታ ይህንንም በር ሊከፍት ይችላል።

ጉዳዩ ከጠረጴዛው ያልፋል። ነጻ ገደቡ 12,570 ላይ የቆመው ከ2021 ጀምሮ ነው፤ እስከ 2031 ድረስም እንዲቆም ተወስኗል። ስቴት ፔንሽን በበኩሉ በየዓመቱ ቢያንስ 2.5 በመቶ እንዲያድግ ቃል የተገባለት ነው። ስለዚህ በኤፕሪል 2027 ሙሉው ስቴት ፔንሽን ብቻውን ከነጻ ገደቡ ይበልጣል። መንግሥት ከስቴት ፔንሽን ሌላ ገቢ የሌላቸውን ሰዎች ትንሿን ታክስ ላለማስከፈል ቃል ገብቷል። ከመሥሪያ ቤት በወር 40 ፓውንድ ጡረታ ያላት የጽዳት ሠራተኛስ? ይህን ጥያቄ ለፓርላማ አባሎቻችን እንጻፍ። በየምርጫ ወረዳው የቅሬታ ቀን አላቸው፤ ቀጠሮ እንያዝ፣ አምስትና ስድስት ሆነን እንሂድ፣ የወላጆቻችንን ሒሳብ በወላጆቻችን ፈቃድ አባላቱ ፊት እናስቀምጥ።

አገር ቤት ገብተው ለማረፍ የሚያስቡትንም አንርሳ። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም ፊሊፒንስ ሄዶ የሚኖር ጡረተኛ ስቴት ፔንሽኑ በየዓመቱ ሲጨመርለት፣ ኢትዮጵያ ገብቶ የሚኖረው ግን በሄደበት ጊዜ መጠን ላይ ይቆምበታል። እዚሁ ብሪታንያ፣ ያንኑ መዋጮ፣ ያንኑ ዓመት ከፍሎ! ይህ ግፍ ነው፤ ለፓርላማ አባሉ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ሁለተኛው ነጥብ ይሁን።

የማኅበር ሊቀመንበሮች፣ የእድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች፤ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ ላይ ይህን አስገቡ፣ የመጀመሪያውን ቀንም ቆርጣችሁ አሳውቁ። ልጆች፣ ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ደውሉና «እማዬ፣ የጡረታ ወረቀትሽ ላይ ያለው ኮድ ምን ይላል?» በሏቸው። ጡረተኞች ወላጆቻችን፣ ልጅ ማስቸገር ነው ብላችሁ አትተዉ፤ የለፋችሁበት ገንዘብ ነው። ትርፍ የተከፈለ ታክስ የሚመለሰው የታክስ ዓመቱ ካለቀ በአራት ዓመት ውስጥ ከተጠየቀ ብቻ ነው። የ2022/23 በር በኤፕሪል 5 ቀን 2027 ይዘጋል። ከዚያ ቀን በኋላ የዚያ ዓመት ገንዘብ አይመለስም።